በፓይኒያል አካባቢ የሚወጡ የአንጎል ዕጢዎችና የቀዶ ሕክምናቸው

ቤተሰብ “አንጎል መሐል ዕጢ አለ” የሚል ውጤት ሲሰማ ቀድሞ የሚጠይቀው “መቼ ነው የሚወጣው?” ብሎ ነው። በፓይኒያል አካባቢ ለሚገኝ ዕጢ ግን ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው “ዕጢው የአንጎልን ፈሳሽ መተላለፊያ ዘግቷል ወይ?” የሚለው ነው። ሁለተኛው “የዕጢው ዓይነት ምንድን ነው?” የሚለው ነው። ዕጢው ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚባለው የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ከታወቀ በኋላ ነው። በዚህ ቦታ ከሚወጡት ዕጢዎች አንዳንዶቹ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው በጨረርና በመድኃኒት ይድናሉ።

በአጭሩ

• የፓይኒያል አካባቢ ዕጢዎች ብዙ አያጋጥሙም። ከአዋቂዎች ይልቅ በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት ይታያሉ።
• አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም የሚያመጣው ዕጢው ራሱ ሳይሆን በጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ነው።
• ቀዶ ሕክምናው ሦስት ዓላማ ሊኖረው ይችላል፦ ፈሳሹን ማስተንፈስ፣ ናሙና መውሰድ፣ ዕጢውን ማውጣት። ሁሉም ታካሚ ሦስቱም አያስፈልጉትም።
• ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረግ የደም ምርመራ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል።

በአማርኛ “ዕጢ” የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል፤ ሆርሞን ለሚያመነጭ ጤናማ የሰውነት ክፍልም፣ በበሽታ ለሚያድግ እብጠትም። ግራ እንዳያጋባ በዚህ ጽሑፍ ጤናማውን ክፍል “ፓይኒያል”፣ በሽታውን ደግሞ “ዕጢ” እንላለን።

ፓይኒያል ምንድን ነው? የት ይገኛል?

ፓይኒያል የአተር ፍሬ የሚያክል፣ ርዝመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የአንጎል ክፍል ነው። የሚገኘው በአንጎል መሐል፣ ከግንባርም ከማጅራትም ርቆ በጥልቀት ነው። ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ሲመሽ ይጨምራል፣ ሲነጋ ይቀንሳል፤ ሰውነታችን ቀንና ሌሊትን እንዲለይ ይረዳዋል። ፓይኒያል በሕክምና ቢወጣ ወይም ቢጎዳ የአንዳንድ ሰዎች እንቅልፍ ሊዛባ ይችላል፤ ሰው ግን ያለ ፓይኒያል መኖር፣ መማርና መሥራት ይችላል።

ሕክምናውን ከባድ የሚያደርጉት የፓይኒያል ጎረቤቶች ናቸው፦

• ከሥሩ መካከለኛው አንጎል አለ። ዓይን ወደ ላይ እንዲመለከት የሚያዘው ክፍል የሚገኘው እዚህ ነው። የአንጎል ፈሳሽ ወደ ታች የሚወርድበት ጠባብ ቱቦም በዚሁ ያልፋል።
• ከበላዩና በዙሪያው ከአንጎል ውስጠኛ ክፍል ደም የሚመልሱ ትልልቅ ደም መልሶች አሉ። እነዚህ ከተጎዱ ጉዳቱ ከባድ ነው።
• ከኋላው ሚዛንንና ቅንጅትን የሚቆጣጠረው ትንሹ አንጎል (ሴሬቤለም) አለ።

የዕጢው ዓይነቶች

በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ በጣም የተለያዩ ዕጢዎች ሊወጡ ይችላሉ። በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩ የአንጎል ዕጢዎች ውስጥ የዚህ አካባቢ ዕጢዎች 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። በልጆች ላይ ግን ከ3 እስከ 8 በመቶ ይደርሳሉ።

የጀርም ሴል ዕጢዎች። በፅንስ ጊዜ ወደ ዘር አካላት መሄድ የነበረባቸው ሕዋሳት መንገድ ስተው አንጎል ውስጥ በመቅረታቸው የሚነሡ እንደሆኑ ይታሰባል። በዚህ አካባቢ በብዛት የሚያጋጥሙት በጉርምስና ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ ነው። ከእነዚህ ዋነኛው ጀርሚኖማ ይባላል፤ ለጨረር ሕክምና እጅግ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። ቴራቶማ የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። ሌሎቹ በደም ውስጥ የሚለኩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ፤ ጠባያቸውም ከጀርሚኖማ ይከፋል።

ከፓይኒያል ሕዋሳት የሚነሡ ዕጢዎች። ፓይኒዮሳይቶማ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሲሆን በአዋቂዎች ላይ በብዛት ይታያል። ፓይኒዮብላስቶማ በፍጥነት የሚያድግ፣ በፈሳሹ በኩል ወደ ሕብለ ሰረሰር ሊሰራጭ የሚችል፣ በልጆች ላይ የሚበዛ ካንሰር ነው። በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ ዓይነትም አለ።

ከአጎራባች ክፍሎች የሚነሡ ዕጢዎች። ግሊዮማ ከአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት፣ ሜኒንጂዮማ ደግሞ ከአንጎል ሽፋን ይነሣል።

ከሌላ ቦታ የመጣ ካንሰር። በአዋቂዎች ላይ እንደ ሳንባ ካለ ሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰር እዚህ ሊያርፍ ይችላል። የቲቢ እብጠትም አልፎ አልፎ ዕጢ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ቲቢ በሚበዛባቸው አገሮች ሐኪሙ ይህንንም ያስባል።

የፓይኒያል ሲስት ዕጢ አይደለም። ሲስት ማለት ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ከረጢት ነው። ብዙ ጊዜ ለሌላ ሕመም በተነሣ ኤምአርአይ ላይ ሳይታሰብ ይገኛል። አብዛኞቹ ምንም ጉዳት አያደርሱም፣ ቀዶ ሕክምናም አያስፈልጋቸውም። በውጤትዎ ላይ “የፓይኒያል ሲስት” የሚል ካነበቡ ከመደንገጥዎ በፊት መጠኑንና የፈሳሽ መተላለፊያውን መዝጋት አለመዝጋቱን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ምልክቶቹ

ዕጢው ጠባቡን ቱቦ ሲጫነው የአንጎል ፈሳሽ መውረጃ ያጣና ይጠራቀማል። ይህ ሃይድሮሴፋለስ ይባላል። ምልክቶቹ፦

• ጠዋት ሲነሡ የሚብስ ራስ ምታት
• ከምግብ ጋር ያልተያያዘ ማስታወክ፣ በተለይ ጠዋት
• የዓይን ብዥታ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት
• ድብታ፣ ትኩረት ማጣት፣ በትምህርት ወደ ኋላ መቅረት
• ሲራመዱ መንገዳገድ
• እርግብግቢታቸው ባልተዘጋ ሕፃናት ላይ የጭንቅላት በፍጥነት መተለቅ

ዕጢው መካከለኛውን አንጎል ሲጫን ደግሞ ዓይን ወደ ላይ መመልከት ያቅተዋል። ልጁ ጣሪያ ለማየት ወይም ከፍ ካለ ቦታ ዕቃ ለማውረድ ዓይኑን ከማንሣት ይልቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ይህን ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያስተውሉት እናት ወይም አስተማሪ ናቸው። ሐኪሞች የፓሪኖ ምልክት ይሉታል።

አንዳንድ ዕጢዎች ሆርሞን ያዛባሉ። ከመጠን ያለፈ ውኃ ጥምና ሽንት፣ የዕድገት መቆም፣ ወይም ያለ ዕድሜ የሚመጣ ጉርምስና ሊታይ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረጉ ምርመራዎች

ኤምአርአይ። ዕጢውን፣ ደም መልሶቹንና የፈሳሹን መተላለፊያ አጥርቶ ያሳያል። በደም ሥር ከሚሰጥ ማቅለሚያ ጋር መነሣት አለበት። አንዳንድ ዕጢዎች በፈሳሹ በኩል ስለሚሰራጩ ሙሉ ሕብለ ሰረሰርም አብሮ ይነሣል። ሲቲ ስካን ፈጣን ስለሆነ በድንገተኛ ጊዜ የፈሳሹን መጠራቀም ለማየት ይጠቅማል፤ ኤምአርአይን ግን አይተካም።

የደም ምርመራ። አልፋ ፌቶ ፕሮቲንና ቤታ ኤችሲጂ የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ይለካሉ። ከተወሰነ መጠን በላይ ከፍ ብለው ከተገኙ ናሙና ሳይወሰድ የዕጢውን ዓይነት ማወቅና ሕክምናውን በኬሞቴራፒ መጀመር ይቻላል። በዚህ አካባቢ ዕጢ ያለበት ልጅ ወይም ወጣት ይህን የደም ምርመራ ሳያደርግ ለትልቅ ቀዶ ሕክምና እንዳይቀርብ ቤተሰብ መጠየቅ ይገባዋል። ምርመራው መደበኛ ሆኖ መገኘቱ ግን ዕጢ የለም ወይም ካንሰር አይደለም ማለት አይደለም። ጀርሚኖማ ብዙ ጊዜ ንጥረ ነገሮቹን ከፍ አያደርግም።

የአንጎል ፈሳሽ ምርመራ። ተመሳሳዮቹ ንጥረ ነገሮችና የዕጢው ሕዋሳት በፈሳሹ ውስጥ ይፈለጋሉ። በጭንቅላት ውስጥ ግፊት እያለ ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ፈሳሹ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የማስተንፈሻው ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ነው።

ሌሎች። የዓይን ምርመራ፣ የሆርሞን ምርመራ፣ እንዲሁም ለማደንዘዣ ዝግጅት የደምና የልብ ምርመራ ይደረጋሉ።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነቶች

1. የተጠራቀመውን ፈሳሽ ማስተንፈስ

ሕመምተኛው ፈሳሽ ተጠራቅሞበት ከመጣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ሦስት መንገዶች አሉ።

*በኢንዶስኮፕ አዲስ መውጫ መክፈት።* ከግንባር በላይ በራስ ቅል ላይ በምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ ወደ ፈሳሹ ክፍል ይገባል። ሐኪሙ በክፍሉ ወለል ላይ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ፈሳሹም የተዘጋውን ቱቦ ትቶ በዚያ ይወጣል። በሰውነት ውስጥ የሚቀር ቱቦ የለም። በዚሁ ጊዜ ከዕጢው ናሙና መውሰድም ብዙ ጊዜ ይቻላል። ለዚህ አካባቢ ዕጢ፣ ባለሙያውና መሣሪያው ካሉ፣ ተመራጩ ይህ ነው። ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የመሳካት ዕድሉ ይቀንሳል።

*ሸንት።* ፈሳሹን ከጭንቅላት ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ በቆዳ ሥር ይቀበራል። ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን ሊደፈን ወይም ሊመረቅዝ ስለሚችል ዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል።

*ጊዜያዊ ማስወጫ።* በድንገተኛ ሁኔታ ፈሳሹ ከአልጋው አጠገብ ወደተሰቀለ ከረጢት እንዲወርድ ይደረጋል። የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው።

ፈሳሹ ከተነፈሰ በኋላ ሕመምተኛው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ራስ ምታቱ ለቆት ተጫውቶ ሊበላ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ “ዳነ” ብሎ ይወጣና አይመለስም። ዕጢው ግን እዚያው ነው፤ ዓይነቱ ሳይታወቅ ወደ ቤት መሄድ አይገባም።

2. ናሙና መውሰድ (ባዮፕሲ)

ናሙናው በኢንዶስኮፕ፣ ወይም በኤምአርአይና በሲቲ ስካን ልኬት በሚመራ ቀጭን መርፌ ይወሰዳል። ጥቅሙ የዕጢውን ዓይነት በትንሽ ቀዳዳ ማወቅ ነው። ሁለት ጉድለቶች ግን አሉት። ቦታው በደም መልሶች የተከበበ ስለሆነ መድማት ሊያጋጥም ይችላል። በተጨማሪም አንዳንድ ዕጢዎች ድብልቅ ስለሆኑ ትንሿ ናሙና ሙሉውን ላታሳይ ትችላለች። ስለዚህ የናሙናው ውጤት ከኤምአርአዩና ከደም ምርመራው ጋር አንድ ላይ ይነበባል።

3. ዕጢውን ማውጣት

ይህ የራስ ቅል ተከፍቶ በማይክሮስኮፕ የሚሠራ፣ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ቀዶ ሕክምና ነው። ሁለት ዋና መንገዶች አሉት፦

• በትንሹ አንጎል በላይ። ከማጅራት በላይ መሐል ለመሐል ተከፍቶ፣ በትንሹ አንጎልና በላዩ ባለው ሽፋን መካከል ባለው ክፍተት ወደ ዕጢው ይደረሳል። ዋና ዋናዎቹ ደም መልሶች ብዙ ጊዜ ከዕጢው በላይ ስለሚሆኑ ከሥራቸው መሥራት ያስችላል።
• በኋለኛው አንጎል በኩል። ከጀርባ ትንሽ ወደ ጎን ተከፍቶ፣ በኋለኛው የአንጎል ክፍልና በመካከለኛው ሽፋን መካከል ይገባል። ዕጢው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን የሰፋ ሲሆን ይመረጣል።

የመንገዱ ምርጫ የሚወሰነው በዕጢው ቅርጽ፣ በደም መልሶቹ አቀማመጥና በቀዶ ሐኪሙ ልምድ ነው። አንዱ ሐኪም ከኋላ፣ ሌላው ከጎን ቢል አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

“የአንጎል መሐል አይነካም” የሚለው አባባል ከድሮው ልምድ የመጣ ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፌዶር ክራውዘ እ.ኤ.አ. በ1913 በትንሹ አንጎል በላይ አድርጎ ዕጢ በተሳካ ሁኔታ አወጣ፤ አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲም በ1921 ሌላ መንገድ አስተዋወቀ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ብዙ ታካሚዎች ይሞቱ ስለነበር፣ ለአሥርተ ዓመታት ብዙ ሐኪሞች ዕጢውን ሳይነኩ ፈሳሹን አስተንፍሰው ጨረር መስጠትን ይመርጡ ነበር። ነገሩ የተለወጠው የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ከመጣ በኋላ ነው። ቤኔት ስታይን በ1971 የክራውዘን መንገድ በማይክሮስኮፕ ታግዞ አሻሽሎ አቀረበ። ዛሬ ልምድ ባላቸው ማዕከላት በዚህ ቀዶ ሕክምና የሚሞተው ከጥቂቱ አይበልጥም።

ለየትኛው ዕጢ የትኛው ሕክምና?

• ጀርሚኖማ፦ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ጨረር፣ ብዙ ጊዜም ከኬሞቴራፒ ጋር። ዕጢውን ለማውጣት ትልቅ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው አያስፈልግም። ተገቢውን ሕክምና ካገኙት ከ10 ሰዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ።
• ሌሎች የጀርም ሴል ዕጢዎች፦ መጀመሪያ ኬሞቴራፒ ይሰጣል፤ የቀረ ነገር ካለ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ጨረር ይከተላል። አንዳንዴ በኬሞቴራፒ ወቅት በደም ውስጥ የሚለካው ንጥረ ነገር እየቀነሰ ዕጢው ግን ሊያድግ ይችላል። ይህ የቴራቶማው ክፍል ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።
• የበሰለ ቴራቶማ፣ ፓይኒዮሳይቶማና ሜኒንጂዮማ፦ ቀዶ ሕክምናው ዋናው ሕክምና ነው። ሙሉ በሙሉ ከወጡ ሌላ ሕክምና ላያስፈልግ ይችላል።
• ፓይኒዮብላስቶማ፦ በተቻለ መጠን ዕጢው ይወጣል፤ ለመላው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ጨረር እንዲሁም ኬሞቴራፒ ይሰጣል። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጨረር የሚያድገውን አንጎል ስለሚጎዳ ሐኪሞች በኬሞቴራፒ ያዘገዩታል ወይም ያስቀሩታል። ከባድ በሽታ ነው፤ በተለይ በሕፃናት ላይ።
• ቀስ ብሎ የሚያድግ የመካከለኛው አንጎል ግሊዮማ፦ ፈሳሹ ከተነፈሰ በኋላ ብዙ ጊዜ በኤምአርአይ መከታተል ብቻ ይበቃል።

ይህ ቅደም ተከተል በተግባር እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለአንድ ወር ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመው ያስታውከዋል እንበል። ሲቲ ስካን የፈሳሽ መጠራቀምን፣ ኤምአርአይ ደግሞ የፓይኒያል አካባቢ ዕጢን ያሳያል። የደም ምርመራው መደበኛ ነው። ሐኪሞቹ በኢንዶስኮፕ ፈሳሹን አስተንፍሰው በዚያው ናሙና ይወስዳሉ። የፓቶሎጂ ውጤቱ ጀርሚኖማ ይሆናል። ልጁ ለኬሞቴራፒና ለጨረር ይላካል፤ የራስ ቅል መክፈት አላስፈለገውም። ናሙናው ቴራቶማ ቢሆን ኖሮ ግን ቀጣዩ እርምጃ ዕጢውን ማውጣት ይሆን ነበር።

የቀዶ ሕክምናው አደጋዎች

የስምምነት ፎርም ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ሐኪምዎ ሊያብራራልዎ ይገባል፦

• የዓይን እንቅስቃሴ መዛባት። ሁለት ሁለት ማየትና ወደ ላይ ማየት አለመቻል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ቀድሞ የነበረውም ሊብስ ይችላል። በአብዛኞቹ ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ይቀራል።
• የእይታ መጥበብ። በኋለኛው አንጎል በኩል ሲገባ በአንድ ጎን ያለው እይታ ሊቀንስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ ነው።
• መድማትና የአንጎል እብጠት። አስጊው አደጋ ይህ ነው፤ እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መመለስን ሊያስገድድ ይችላል።
• አየር ወደ ደም መግባት። አንዳንድ ሐኪሞች ታካሚውን በተቀመጠበት ይሠሩታል፤ በዚህ አቀማመጥ አየር በደም መልስ ሊገባ ስለሚችል የማደንዘዣ ቡድኑ በልዩ መሣሪያ ይከታተላል። ቀድሞ የልብ አልትራሳውንድ የሚታዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው።
• መንገዳገድ፣ ኢንፌክሽን፣ የአንጎል ፈሳሽ በቁስሉ መፍሰስ፣ የፈሳሽ ዳግም መጠራቀም።

አደጋው እንደ ዕጢው ዓይነትና መጠን ይለያያል። ዕጢው ከደም መልስ ወይም ከመካከለኛው አንጎል ጋር ከተጣበቀ ሐኪሙ ጥቂት ትቶ መውጣትን ሊመርጥ ይችላል። ይህ ታካሚውን ለማዳን የሚደረግ ውሳኔ ነው፤ የቀረውን በጨረር ወይም በክትትል መያዝ ይቻላል።

ዝግጅት

• የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ። አስፕሪንና ሌሎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ቀድመው ሊቆሙ ይገባል። የባህል መድኃኒት ከወሰዱም አይደብቁ።
• እብጠትን ለመቀነስ ዴክሳሜታሶን ሊታዘዝ ይችላል። ከምግብ ጋር ይወሰዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳሩን ሊጨምርበት ስለሚችል ቀድሞ ይናገር።
• ዴክሳሜታሶንን ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በራስዎ በድንገት አያቋርጡ። ጠበል የሚሄዱ ወይም የሚጾሙ ከሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንዴት እንደሚያስኬዱት ከሐኪምዎ ጋር ይመካከሩ። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ሕይወት ያሳጣል።
• ለታካሚው ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል ቤተሰብ ስለ ደም ልገሳ ቀድሞ ይጠይቅ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ዕጢው የወጣለት ታካሚ መጀመሪያ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይቆያል። ነርሶች በየጊዜው እየቀሰቀሱ ስሙን ይጠይቁታል፣ የዓይኑን ብሌን በብርሃን ያያሉ። ዘመድ “ለምን አያስተኙትም?” ብሎ ይቆጣ ይሆናል፤ ነገር ግን የመድማት የመጀመሪያው ምልክት የንቃት መቀነስ ስለሆነ መቀስቀሱ የግድ ነው።

ምን ያህል ዕጢ እንደቀረ ለማወቅ በተቻለ መጠን በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ኤምአርአይ ይነሣል። የፓቶሎጂ ውጤት ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ይህ መጠበቅ ለቤተሰብ ከባድ ነው፤ ሆኖም የሚቀጥለውን ሕክምና የሚወስነው ይህ ወረቀት ስለሆነ ሳይቀበሉ አይሂዱ፣ ዋናውንም በእጅዎ ያኑሩ።

ሁለት ሁለት ማየት ለሚያስቸግረው ሰው አንዱን ዓይን በየተራ መሸፈን ይረዳል። መንገዳገድ ካለ ፊዚዮቴራፒ ይታዘዛል።

በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሸንት የተገባለት ወይም በኢንዶስኮፕ መውጫ የተከፈተለት ሰው፣ ዓመታት ቢያልፉም እንኳ፣ መተላለፊያው በድንገት ሊዘጋ ይችላል። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሳይነጋ፣ ሳይመሽ ይሂዱ፦

• እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትና ተደጋጋሚ ማስታወክ
• ያልተለመደ ድብታ ወይም ሲጠሩት አለመንቃት
• አዲስ የዓይን ችግር፣ ወይም ዓይን ወደ ታች ብቻ መመልከት
• መንቀጥቀጥ
• ትኩሳት፣ የአንገት መድረቅ፣ ወይም ከቁስሉ ንጹሕ ፈሳሽ መፍሰስ

ድንገተኛ ክፍል እንደደረሱ መጀመሪያ “ሸንት አለው” ወይም “የአንጎል ፈሳሽ መውጫ ተከፍቶለታል” ብለው ይናገሩ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ተራ ሆድ ቁርጠት ወይም ወባ ተብሎ ከመመለስ ያድናል።

የረጅም ጊዜ ክትትል

ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል። ኤምአርአይ በየወሩ ብዛት እየተራራቀ ይነሣል፤ ለጀርም ሴል ዕጢዎች የደም ምርመራውም ይደገማል። ጨረር የወሰዱ ልጆች የዕድገት፣ የታይሮይድና ሌሎች ሆርሞኖች ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። በትምህርት ቤት ትኩረትና ፍጥነት ሊቀንስ ስለሚችል ለአስተማሪዎች መንገር ልጁን ይጠቅማል፤ ሰነፍ ተብሎ እንዳይቀጣ።

በኢትዮጵያና በውጭ አገር ላሉ ታካሚዎች

በኢትዮጵያ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የጨረር ሕክምናም ለረጅም ጊዜ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ አሁን እንደ ጅማ ባሉ ቦታዎችም ተጀምሯል። ወረፋ ሊኖር ስለሚችል፣ የፓቶሎጂው ውጤት እየተጠበቀ ሳለ የጨረርና የካንሰር ሕክምና ቀጠሮ መጠየቅ ጊዜ ይቆጥባል።

ለሕክምና ወደ ውጭ ለመሄድ ካሰቡ መጀመሪያ ፈሳሹ መተንፈሱን ያረጋግጡ። ግፊት ያለበትን ሰው ገንዘብ እስኪሰበሰብና ቪዛ እስኪወጣ ማቆየት ዋናው አደጋ ነው። የኤምአርአዩን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲዲውን፣ የደም ምርመራ ውጤቶችን፣ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያና የናሙናውን የፓቶሎጂ ብሎክ ይዘው ይሂዱ። ብሎኩ ካለ ሌላ አገር ያለ ፓቶሎጂስት ያለ አዲስ ቀዶ ሕክምና እንደገና ሊመረምረው ይችላል። በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅን ለወላጁ እንዲህ ያለ ውጤት እንዲያስተረጉም ማድረግ አይገባም።

ለሐኪምዎ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች

1. ፈሳሽ ተጠራቅሟል? ዛሬውኑ መተንፈስ አለበት?
2. አልፋ ፌቶ ፕሮቲንና ቤታ ኤችሲጂ ተለክተዋል?
3. የሕብለ ሰረሰር ኤምአርአይ ተነሥቷል?
4. የቀዶ ሕክምናው ዓላማ ማስተንፈስ ነው፣ ናሙና ነው፣ ወይስ ማውጣት?
5. በየትኛው መንገድ ይገባል? ለምን ተመረጠ?
6. ዓይኑና ሚዛኑ ምን ሊሆኑ ይችላሉ?
7. ከዚህ በኋላ ጨረር ወይም ኬሞቴራፒ ያስፈልጋል? የት ይሰጣል?
8. ሌሊት ችግር ቢፈጠር ማንን እንጠራለን?

እነዚህን በወረቀት ጽፈው፣ አንድ ዘመድ መልሱን እንዲመዘግብ አድርገው ይግቡ። በድንጋጤ ውስጥ የተሰማ ነገር ቶሎ ይረሳል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ ነው። የእርስዎን ምርመራ ያየ ሐኪም የሚሰጥዎትን ምክር አይተካም።